እናቴን ሳላይ ስፓኒሽ ልማር ልሂድ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የእርስዎን ዓምድ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 26 ነው። በዲቪ ከመጣሁ 4 ዓመት አልፎኛል፤ በመጪው ኦክቶበር 5 ዓመት እደፍናለሁ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአጎቴ ቤተሰብ ጋር ሲሆን ለክፍሌ በወር 500 ዶላር እከፍላለሁ። በኮሚውኒቲ ኮሌጅ ወደ ነርሲንግ ፕሮግራም የሚያስገቡትን ኮርሶች ልጨርስ ተቃርቤአለሁ፤ ከተቀበሉኝ ትምህርቱና የሆስፒታል ልምምዱ በሚቀጥለው ፎል ይጀምራል። ከዚያ ጎን ለጎን በአንድ ነርሲንግ ሆም በሳምንት 32 ሰዓት እሠራለሁ፤ የሚከፈለኝ በሰዓት 20 ዶላር ነው። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ።

ከምንከባከባቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጡ ናቸው። ለ2 ሴሚስተር ስፓኒሽ ተምሬ ሁለቱንም ኤ አምጥቻለሁ። ይሁንና አንድ ሌሊት አንዲት እናት ጎናቸውን ይዘው ደጋግመው የሚነግሩኝን ነገር መያዝ አቃተኝ፤ በስልክ አስተርጓሚ እስኪገኝ ድረስ እጃቸውን ይዤ ቆምኩ። ለካስ ከጎናቸው ሥር የተጣጠፈው አንሶላ ቆርቁሯቸው ኖሯል። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ።

ኮሌጃችን በሰመር በስፔን፣ ሳላማንካ ከተማ የ5 ሳምንት የቋንቋ ፕሮግራም አለው። 6 ክሬዲት ያስገኛል፤ ዋጋው ትኬት ሳይጨምር 4,800 ዶላር ነው። አብራኝ የምትሠራ የጓቲማላ ልጅ ደግሞ በአገሯ ኬትሳልቴናንጎ በምትባል ከተማ በሳምንት 250 ዶላር ገደማ ከፍዬ፣ ለብቻዬ አስተማሪ ይዤ፣ ቤተሰብ ዘንድ እያደርኩና እየበላሁ መማር እንደምችል ነገረችኝ። ያጠራቀምኩት 3,400 ዶላር ነው።

አጎቴን ባማክራቸው ሳቁ። «እንግሊዝኛሽን ሳታጠናቅቂ ሌላ ቋንቋ? ሰው ወደ አሜሪካ ይመጣል እንጂ ከአሜሪካ ወደ ጓቲማላ ይሄዳል?» አሉኝ። ባለቤታቸው የተናገሩት ግን ከዚያ ይልቅ ውስጤ ገባ፤ «ገንዘብ ከተረፈሽ እናትሽን ሄደሽ አታዪም?» ነበር ያሉት። እውነታቸውን ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ ካየኋትም 4 ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የፕሮግራሙን ወረቀት ባየሁ ቁጥር እናቴን የከዳሁ ይመስለኛል። ለእርሷ ገና አልነገርኳትም። ልተወው ይሆን? ከሄድኩስ የት ልሂድ?

ሁለት ልብ የሆንኩት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

የአጎትሽ ባለቤት የተናገሩት ነገር ስላመመሽ ከእርሱ ልጀምር። «ገንዘብ ከተረፈሽ» የሚለው አነጋገር ሁለት ጉዞዎችን እኩል ዋጋ እንዳላቸው አድርጎ አንዱን በሌላው ይለውጣል፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም። በሰመር ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ የደርሶ መልስ ትኬት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ከ1,200 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ4 ዓመት በኋላ የምትመለስ ልጅ ባዶ እጇን እንደማትገባ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ለእናትሽ የስኳር መለኪያና መድኃኒት፣ ለእህት ወንድም ልጆች ጫማ፣ ለጎረቤት የሚሆን ነገር፣ ለታመመ ዘመድ የሚጨበጥ ገንዘብ አለ። በ3,400 ዶላርሽ ይህን ሁሉ ችለሽ፣ ከሥራ ስትቀሪ የምታጪውን ደመወዝ ጨምረሽ፣ ፎል ላይ መጽሐፍ የምትገዢበት ይተርፍሻል? የሚተርፍሽ አይመስለኝም። ስለዚህ ስፓኒሹን ብትተዪው እንኳ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን መድረስሽ የተረጋገጠ አይደለም። ይህን የምልሽ ናፍቆትሽን ላቃልልብሽ ሳይሆን፣ የተሸከምሽው የክህደት ስሜት በትክክለኛ ሂሳብ ላይ የቆመ አለመሆኑን እንድታዪው ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእናትሽ እስከ አሁን ያልነገርሻት «አይሆንም» ትለኛለች ብለሽ ነው ወይስ «ሂጂ» ብላ ናፍቆቷን እንዳትደብቅብሽ ፈርተሽ? ሁለቱ የተለያዩ ፍርሃቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ መልሷን ሳትሰሚ በእርሷ ስም እየፈረድሽ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ከፈቃዷ ጋር የምትይዘው ነገር ስጫት፤ ማለትም ቀን። የኮሌጆች የክረምት ዕረፍት ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ወደ ጃንዋሪ ስለሚዘልቅ የእኛ ገና በዕረፍቱ ውስጥ ይወድቃል፤ እንደ ኮሌጁ የጊዜ ሰሌዳም አንዳንዴ ጥምቀት ሊጨመር ይችላል። ነርሲንግ ከጀመርሽ በኋላ ከሰመር ሌላ ያለሽ ረጅም ዕረፍት ይኸው ነው። «እማ፣ በሰመር 4 ሳምንት ለትምህርት እሄዳለሁ፤ የወሩ ገንዘብ አይቋረጥም፤ ገናን ግን በዚህ ዓመት ባይሆን በሚቀጥለው ካንቺ ጋር ነኝ» ብለሽ በመልእክት ሳይሆን በድምፅ ንገሪያት። ዓመቱን እርግጠኛ ሆነሽ መናገር ከቻልሽ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ እናቶች «እመጣለሁ» ከሚለው ቃል ይልቅ የተቆረጠ ቀን ይይዛሉ።

አጎትሽ ስለ እንግሊዝኛሽ የተናገሩት በከፊል ልክ ነው። የነርሲንግ መግቢያ ፈተናውም፣ ትምህርቱም፣ ዋናው የፈቃድ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛሽ ያንን እንደማይሸከም የምታውቂው ከሆነ ሰመሩን ለእርሱ ብታውዪው እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተሰጡትን የሳይንስ ኮርሶች ጨርሰሽ ለፕሮግራሙ የደረስሽ ልጅ ስለሆንሽ፣ የእርሳቸው ሥጋት አንቺ አዲስ በመጣሽበት ዓመት ከነበረው ትዝታ የተቀዳ ይመስለኛል። ውጤትሽንና አንድ ገጽ በጀትሽን ይዘሽ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብለሽ ብታስረጃቸው፣ ባይስማሙ እንኳ የሳቁበትን ነገር በቁም ነገር ያዩታል። ክፍልሽን በሌለሽበት ወር ለሌላ ሰው ማከራየት ይፈቀድልሽ እንደሆነም በዚያው ጠይቂያቸው፤ 500 ዶላር ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «የት?» እንምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነውና። የኮሌጅ ጓደኞችሽና የፕሮግራሙ በራሪ ወረቀት የማያዩት ነገር ቢኖር የያዝሽው ፓስፖርት ነው። ወደ ስፔን ለመሄድ ግሪን ካርድሽ ከቪዛ ነጻ አያደርግሽም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዝሽ ድረስ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ከክፍያው ይልቅ የሚያስቸግረው ቀጠሮው፣ የባንክ ማስረጃው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱና የመኖሪያ ማረጋገጫው ነው፤ ከሰመር በፊት ባሉት ወራት ደግሞ ቀጠሮ ይጣበባል። ጓቲማላን በተመለከተ በኢንተርኔት የምታነቢው «ቪዛ አያስፈልግም» የሚለው መረጃ በአብዛኛው ለአሜሪካ ዜጎች የተጻፈ ስለሆነ፣ ቆንስላውን በጽሑፍ ጠይቀሽ በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። በተጨማሪም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ባለ 4 ደረጃ የጉዞ ማሳሰቢያ ጓቲማላ ለዓመታት በደረጃ 3 ስትመደብ ቆይታለች፤ ብዙ ኮሌጆች ወደዚህ ደረጃ አገሮች ተማሪ አይልኩም ወይም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ኬትሳልቴናንጎን እንደ ከተማ ማጣጣሌ ግን አይደለም፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ አየሯ ለአዲስ አበባ ሰው የማይከብድ፣ ለአንድ ተማሪ አንድ አስተማሪ መድቦ በቀን 5 ሰዓት በማስተማር የታወቁ ትምህርት ቤቶች ያሏት ከተማ ናት። ሥራ ባልደረባሽ መልካም ነገር ነው የነገረችሽ።

እኔ ግን ያንቺን ወረቀት ይዤ ብሆን የምመርጠው ሜክሲኮን ነው። የሜክሲኮ ሕግ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪዎችን ያለ ቪዛ ያስገባል፤ የሚያስፈልግሽ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው። (ፓስፖርትሽን አሁኑኑ አውጥተሽ ቀኑን እዪ፤ ማሳደሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል።) ከከተሞቹ ደግሞ ኦሃካን ባየሻት እወዳለሁ። በደቡብ ሜክሲኮ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የውጭ አገር ተማሪዎችን ስፓኒሽ ማስተማር የለመደች፣ ተማሪን ቤተሰብ ዘንድ የሚመድቡ ትምህርት ቤቶች ያሉባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሳፖቴክና ሚክስቴክ የተባሉ የአገሩ ነባር ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ስፓኒሽን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም። የኦሃካ ሰመር የእኛን ሰኔ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ጌላጌትሳ የሚባለው ታላቁ የባህል በዓል ስለሚከበር ማደሪያም ትኬትም ይወደዳል፤ ስለዚህ ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ያሉት 4 ሳምንታት ለኪስሽ የተሻሉ ናቸው። አንድ ጉድለት አለው፦ አረጋውያንሽ በወዳጅነት ሲያናግሩሽ የሚጠቀሙበት የኤል ሳልቫዶርና የጓቲማላ አነጋገር ከሜክሲኮው ትንሽ ይለያል። ይህን ግን የጓቲማላዋ ልጅ በሁለት ሺፍት ታስተካክልልሻለች።

ሂሳቡን አብረን እንየው። ለትምህርትና ለቤተሰብ ማደሪያ በሳምንት 350 ዶላር ብንይዝ 1,400 ይሆናል፤ ለትኬት 550፣ ለኢንሹራንስ 100፣ ለኪስ 250 ስንጨምር 2,300 ዶላር ገደማ ነው። ከ3,400ው የሚቀርሽ 1,100 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ የአጎትሽ 500ና የእናትሽ 200 ሲወጣ 400 ዶላር በእጅሽ ይቀራል። ጠባብ ነው፤ ግን ይሆናል። ዋጋዎቹን ከየትምህርት ቤቱ በቀጥታ ጠይቀሽ አረጋግጪ። ልብ ብለሽ የማታዪው ትልቁ ወጪ ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው፦ በሳምንት 640 ዶላር የሚያስገባ ሥራ 4 ሳምንት ስታቋርጪ ታክስ ሳይቀነስ 2,560 ዶላር ታጪያለሽ። የቋንቋ ጉዞ ለእንዳንቺ ዓይነት ተማሪ የሚወደደው በትምህርት ክፍያው ሳይሆን በዚህ ነው፤ ስለዚህም ከ4 ሳምንት በላይ አልመክርሽም። ከ3 ሳምንት በታችም አልመክርሽም፤ ጆሮ እስኪከፈት የመጀመሪያው ሳምንት ያልፋልና።

«ክሬዲቱስ?» ትዪኝ ይሆናል። የፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የትምህርት ድጎማ) ተቀባይ ከሆንሽ፣ ገንዘቡን ኮሌጅሽ ላጸደቀው ክሬዲት ላለው የውጭ አገር ትምህርት መጠቀም ሕጉ ይፈቅድልሻል፤ በራስሽ ለምትመዘገቢበት የቋንቋ ትምህርት ቤት ግን አይሆንም። የዓመቱ ከፍተኛ የፔል መጠን 7,395 ዶላር ሲሆን፣ ፎልና ስፕሪንግ ላይ ሙሉውን ድርሻ ብትጨርሺ እንኳ በሰመር ቢያንስ ግማሽ ጊዜ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ 6 ክሬዲት፣ ከተመዘገብሽ ተጨማሪ ሊሰጥሽ ይችላል። ለከፍተኛው መጠን ብቁ ለሆነ ተማሪ ይህ ወደ 1,800 ዶላር ይጠጋል። ፈንድ ፎር ኤጁኬሽን አብሮድ የተባለው ድርጅትም ግሪን ካርድ ላላቸው ተማሪዎች ክፍት የሆነ ስኮላርሺፕ አለው። ሁሉም ሰው የሚጠራልሽ የጊልማን ስኮላርሺፕ ግን ለአሁኑ ይዝለልሽ፤ በ2000 በአሜሪካ ኮንግረስ ውሳኔ የተቋቋመው ይህ ስኮላርሺፕ ለፔል ተቀባዮች እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጥ ቢሆንም የሚፈቀደው ለአሜሪካ ዜጎች ነው። ዜግነት አግኝተሽ ወደ ባለ 4 ዓመት ኮሌጅ ስትዛወሪ ያኔ ታወጪዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ኮሌጅሽ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄደሽ «ስኮላርሺፕ አለ?» ከማለት ይልቅ «የሳላማንካው ፕሮግራም ከዕርዳታው በኋላ ከኪሴ ስንት ያስወጣኛል?» ብለሽ በቁጥር መልስ ጠይቂ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ የሚሰጡሽ መልስ ትኬትና ቪዛን ጨምሮ ከ2,300 ዶላር ካልበለጠ፣ 6 ክሬዲት ያለውን መተው ሞኝነት ነውና ሳላማንካን ያዢ፤ ያን ጊዜ 5ኛው ሳምንት ሌላ 640 ዶላር ደመወዝ እንደሚያስቀር ግን አስገቢበት። ካልሆነ ኦሃካ። ከኦሃካ ስትመለሺም ክሬዲት የምታገኚበት ሌላ በር አለ፦ ክሌፕ የተባለው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና በስፓኒሽ ይሰጣል፤ የፈተናው ክፍያ ከ100 ዶላር በታች ነው፣ የፈተና ጣቢያው ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። የተሻለ ውጤት ካመጣሽ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይቆጥሩልሻል። ያንቺ ኮሌጅ ስንት እንደሚቆጥር፣ በክፍል የወሰድሻቸውን 2 ኮርሶችም ይደርብ እንደሆነ አማካሪሽን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ስለ ዜግነትሽ አትስጊ። የ5 ዓመት ነዋሪነትን የሚያጠያይቀው ከ6 ወር በላይ የሆነ ቆይታ እንጂ 4 ሳምንት አይደለም፤ ማመልከቻሽንም 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው፣ ማለትም ከጉዞሽ እንደተመለስሽ ጁላይ ላይ፣ ማስገባት ትችያለሽ። ቅጹ የወጣሽበትንና የገባሽበትን ቀን ስለሚጠይቅ መዝግቢው። በመዝገብሽ ላይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለ ግን ከመውጣትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

ስለዚያች ሌሊት አንድ ቃል ልበል። ስልክ ደውለሽ አስተርጓሚ እስኪገኝ እጃቸውን ይዘሽ መቆምሽ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግሽው። ከ4 ሳምንት በኋላም የሕክምና ስምምነት ወይም የመድኃኒት መመሪያ ለመተርጎም አትበቂም፤ ቢጠይቁሽም እምቢ በዪ። የምትበቂው ለአንሶላው ነው፤ ለመታጠፉ፣ ለውኃ ጥሙ፣ ለብርዱ፣ «ልጄ ዛሬ ትመጣለች?» ለሚለው ጥያቄ። ከመሄድሽ በፊት ከጓቲማላዎቹ አስተማሪዎች ጋር በኢንተርኔት በሳምንት 2 ሰዓት ብትማሪ፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በዝምታ አታሳልፊም። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ከአሜሪካ ከመጡ ተማሪዎች ጋር አንድ ቤት እንዳይመድቡሽ አስቀድመሽ ጻፊላቸው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሲያወራ የሚመለስ ብዙ ነው።

ጾመኛ ከሆንሽ ጁን ላይ የሐዋርያት ጾም ውስጥ ትሆኛለሽ። የበቆሎ ቂጣና ጥቁር ባቄላ የቤቱ የዘወትር ምግብ ስለሆነ እንደማይቸግርሽ ታስቢ ይሆናል። ነገር ግን ባቄላው ብዙ ጊዜ ማንቴካ በሚባለው የአሳማ ስብ ይታሻል፤ ትላዩዳ የሚባለው የኦሃካ ትልቅ ቂጣም ላዩ ላይ አሲየንቶ የሚባል የአሳማ ሞራ ተቀብቶ ነው የሚቀርበው። የማደሪያ ቅጹን ስትሞዪ «ሥጋ አልበላም» ብቻ አይበቃም፤ ማንቴካና አሲየንቶ እንደማትበዪ በግልጽ ጻፊ፤ ለባለቤቷም በመጀመሪያው ማታ በራስሽ አፍ ንገሪያት።

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ከአለቃሽ የ4 ሳምንት ፈቃድና ወደ ቦታሽ እንደምትመለሺ የሚገልጽ ማረጋገጫ በጽሑፍ ያዢ። የተጠራቀመ የዕረፍት ሰዓት ካለሽም ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ አንድ ሳምንት እንኳ በክፍያ ቢያዝልሽ የ2,560 ዶላሩ ጉድለት በ640 ዶላር ይቀንሳል፤ በእጅሽ የሚቀረው 400ም አይነካም።